መጫወቻው ጡብ ሐውልት ሲኾን

በአሜሪካ አዮዋ ግዛት፣ ኤምስ በምትባል ከተማ፣ ሬይማን ጋርደንስ የተሰኘ የእጽዋት ስፍራ አለ። የሚያስተዳድረው በግብርና ትምህርት ስመ ጥር የኾነው የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ወደዚያ ስፍራ የዘለቀ ጎብኚ በአበባው መደብ መካከል ያልተለመዱ እንግዶች ጠብቀውታል። ምንቃሯን ወደ አበባ የሰደደች ወፍ፣ ሰው የምታህል ቢራቢሮ፣ ትከሻው የጎበጠ የአሜሪካ ጎሽ። ከርቀት ሲታዩ ትንፋሽ ያላቸው ይመስላሉ። ቀረብ ሲሏቸው ግን ላባውም፣ ክንፉም፣ ጸጉሩም ጥቃቅን የፕላስቲክ ጡብ ነው። ሕጻናት ወለል ላይ በትነው የሚጫወቱበት፣ በባዶ እግሩ የረገጠውን ወላጅ የሚያስጮኸው፣ ሌጎ የሚባለው ጡብ።

የቅርጾቹ ሠሪ ሾን ኬኒ ይባላል። በኒውዮርክ ከተማ የቢሮ ሠራተኛ ነበር። የልጅነት መጫወቻውን ሳይጥል አደገ፤ በኋላም ቢሮውን ትቶ ጡብ መደርደርን እንጀራው አደረገ። በሬይማን የተከፈተው ትርኢቱ ወደ ግማሽ ሚሊዮን በሚጠጋ ጡብ የተሠራ ሲኾን መልእክቱም የተፈጥሮ ትስስር ነው፤ ቢራቢሮ ያለ እጽዋቱ፣ አበባም ያለ ወፉና ያለ ንቡ አይኖርም የሚል። ጎሹ ብቻ ከ45 ሺህ በላይ ጡብ ፈጅቷል። በአንድ ወቅት በአሜሪካ ሰፊ ሜዳዎች ላይ በብዙ ሚሊዮን ይቆጠር የነበረው ይህ እንስሳ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጠመንጃ ተመትቶ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት እንደነበር ላወቀ ሰው፣ እንስሳውን በአንድ በአንድ ጡብ መልሶ ማቆሙ ያለ ምክንያት አለመኾኑ ይገባዋል።

ለመኾኑ አራት ማዕዘን የኾነ ደረቅ ፕላስቲክ እንዴት ወፍ ይኾናል? ጎሽስ ከነጎባጣው እንዴት ይቆማል? ይህን ለመረዳት መጀመሪያ ጡቡን፣ ከጡቡም በፊት ጡቡ የተወለደበትን የገበሬ መንደር ማወቅ ያሻል።

አናጢው እና ገበሬዎቹ

ቢሉንድ በዴንማርክ፣ ዩትላንድ በሚባለው ምዕራባዊ ምድር የምትገኝ ትንሽ የገበሬዎች መንደር ነበረች። ኦሌ ኪርክ ክሪስቲያንሰን የተባለ አናጢ እ.ኤ.አ. በ1916 የእንጨት ሥራ ቤት ገዝቶ በዚያ ተቀመጠ። ደንበኞቹ የአካባቢው ገበሬዎች ነበሩ። ቤታቸውን ይሠራል፤ በርና መስኮታቸውን ይገጥማል፤ ቁሳቁሳቸውን ይጠግናል። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዓለምን የመታው የኢኮኖሚ ድቀት ዩትላንድ ሲደርስ የእህልና የከብት ዋጋ ወደቀ። ገበሬው ገንዘብ ሲያጣ የአናጢው ሥራም አብሮ ደረቀ። ገበሬ ሲያስነጥስ የከተማው ባለሙያ ጉንፋን የሚይዘው በእኛ ሀገር ብቻ አይደለም።

ክሪስቲያንሰን በ1932 ሚስቱን በሞት አጥቶ አራት ወንዶች ልጆችን ብቻውን ማሳደግ ያዘ። በዚያው ዓመት ትልቅ ሥራ ሲጠፋ ወደ ትናንሹ ተመለሰ። መሰላል፣ በርጩማ፣ የልብስ መተኮሻ ሰሌዳ፣ ከዚያም ከቁርጥራጭ እንጨት የሕጻናት መጫወቻ ሠራ። በ1934 ለሥራው "ሌጎ" የሚል ስም ሰጠው፤ "በደንብ ተጫወት" የሚል ትርጉም ካላቸው ሁለት የዴንማርክኛ ቃላት የተውጣጣ ነው።

ስለ አናጢው የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። ልጁ ጎትፍሬድ ለገበያ የሚወጡ የእንጨት ዳክዬዎችን ሦስት ጊዜ በቫርኒሽ መቀባት ሲገባው ሁለት ጊዜ ብቻ ቀብቶ ያስጭናቸዋል። ገንዘብ አተረፍኩ ብሎ ለአባቱ ደስ እያለው ይናገራል። አባት ግን ከጣቢያ መልሰህ አምጣ፣ ሦስተኛውን ቀብተህ፣ ማታውኑ አሽገህ፣ ብቻህን መልሰህ አስረክብ አለው። ይህ ጥንቃቄ በኋላ ከእንጨት ወደ ፕላስቲክ ሲሻገሩ የጡቡ መለያ ኾነ።

ፕላስቲክ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ አናጢው ውድ የኾነ የፕላስቲክ መቅረጫ ማሽን በገዛ ጊዜ ነው። የሚገጣጠም የፕላስቲክ ጡብ ሐሳብ መጀመሪያ የእንግሊዛዊው ሂላሪ ፊሸር ፔጅ ነበር፤ ዴንማርካውያኑ የእርሱን ጡብ ናሙና አይተው በ1949 የራሳቸውን ለገበያ አቀረቡ። የመጀመሪያው ጡብ ከላይ ጉጥ ነበረው፤ ከታች ግን ባዶ ነበር። ሲደረደር ይቆማል፤ ሲነኩት ይፈርሳል። ጎትፍሬድ እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1958 በኮፐንሃገን ያስመዘገበው ፈጠራ ችግሩን ፈታው፤ በጡቡ ሆድ ውስጥ ክብ ቱቦዎች ገቡ። ያ ቀን ከተመዘገበ ወዲህ የተሠራ ጡብ ሁሉ ዛሬ ከፋብሪካ ከሚወጣው ጋር ይገጥማል። አያት የተጫወተበት ከልጅ ልጁ ጡብ ጋር ይጋባል ማለት ነው።

ጡቡ ለምን ይይዛል?

ጡቡ የሚሠራው ኤቢኤስ ከሚባል ጠንካራ የፕላስቲክ ዓይነት ነው። ፕላስቲኩ ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ ይቀልጥና በብረት ሞልድ ውስጥ በከፍተኛ ግፊት ይረጫል። ሞልዱ የሚለካው በሚሊ ሜትር ሺኛ ክፍልፋዮች ነው። አንድ ጡብ ከሌላው ላይ ሲጫን ከታች ያለው ጉጥ ከላይኛው ቱቦና ግድግዳ ጋር በጥብቅ ይጨናነቃል። ኤቢኤስ ኅዳግ በሌለው መጠን ጥቂት ተለጥጦ ወደ ቦታው የመመለስ ጠባይ አለው፤ ያ መመለስ ነው ጨብጦ የሚይዘው። ጥቂት ቢሰፋ ይላቀቃል፤ ጥቂት ቢጠብ ሕጻን ጣት አይፈታውም።

ጥንካሬውም የሚናቅ አይደለም። በብሪታኒያ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ2012 አራት ጉጥ ያለውን ትንሹን ጡብ በመጭመቂያ ማሽን ፈትሸውት ነበር። ጡቡ የተሸነፈው በአማካይ 4 ሺህ 240 ኒውተን ሲደርስ ነው፤ ከ430 ኪሎ ግራም በላይ ክብደት እንደ መሸከም ይቆጠራል። በዚህ ስሌት የታችኛው ጡብ ከመድቀቁ በፊት 375 ሺህ ያህል ጡቦች በላዩ ሊደረደሩ ይችላሉ፤ ቁመቱም ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ይኾናል። እርግጥ ነው፣ እንዲህ ያለ ምሰሶ ገና ጥቂት ሜትር ሳይርቅ ጎብጦ ይወድቃል። በመኾኑም ለቅርጽ ሠሪዎች ችግራቸው የጡቡ መድቀቅ አይደለም፤ የቅርጹ መዝመምና መገንጠል ነው።

ስምንት ጉጥ ያላቸውን፣ ቀለማቸው አንድ የኾነ ሁለት ጡቦች በ24 መንገድ መግጠም ይቻላል። ሦስት ሲኾኑ 1 ሺህ 60 ይደርሳል። ስድስት ሲኾኑ ግን ቁጥሩ 915 ሚሊዮን 103 ሺህ 765 ነው። ይህን ያሰሉት ሶረን አይለርስ የተባሉ የዴንማርክ የሒሳብ ሊቅ ናቸው። አንድ ሰው በመዳፉ በሚይዘው ስድስት ጡብ ዕድሜውን ሙሉ ሳይደግም ሊጫወት ይችላል እንደማለት ነው።

ተዳፋቱን በእርከን፣ ክቡን በካሬ

ቅርጽ የሚሠሩት ሰዎች አብዛኞቹ ባለሙያዎች አይደሉም። መምህር አለ፤ መሐንዲስ አለ፤ ነርስ አለ፤ ጡረተኛ አለ። ቀን በሥራው ውሎ ማታ ወደ ጡቡ የሚመለስ ነው። በየሀገሩ ማኅበር አላቸው፤ በዓመት አንድ ጊዜ አዳራሽ ተከራይተው ሥራቸውን ለሕዝብ ያሳያሉ። ለብዙዎቹ ከባዱ ሥራ መሥራቱ ሳይኾን መለየቱ ነው። በሺህ የሚቆጠር ጡብ በቅርጽና በቀለም ተለይቶ በየሳጥኑ ካልተቀመጠ አንዲት ቁራጭ ፍለጋ ምሽቱን ይበላል። እህሉን ሳያበጥርና ዘሩን ሳይመርጥ የሚዘራ ገበሬ እንደሌለ ሁሉ፣ ጡቡን ሳይለይ ቅርጽ የሚጀምርም የለም።

ከዚያ ንድፍ ይመጣል። ቀድሞ ካሬ መስመር ባለው ወረቀት ላይ ይሣል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 አውስትራሊያዊው ጄምስ ጄሲማን ኤልድሮው የተባለ፣ ጡብን በኮምፒውተር ላይ የሚደረድር ሶፍትዌር ሠርቶ ለሁሉም በነጻ ለቀቀ። እርሱ ራሱ በትርፍ ጊዜው የሚጫወት ሰው ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ በወጣትነቱ ቢሞትም የጀመረውን ሌሎች አፍቃሪዎች ተቀብለው እስከ ዛሬ ያስፋፉታል።

ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ፤ ክብ ነገር ከካሬ እንዴት ይወጣል? መልሱ ለደጋ ገበሬ እንግዳ አይደለም። ተዳፋት መሬት በእርከን ሲሠራ ቁልቁለቱ በደረጃ ይከፋፈላል፤ በቅርብ ሲያዩት ደረጃ ነው፤ ከማዶ ኾነው ሲመለከቱት ግን ተራራው ጉብታውን እንደያዘ ነው። የጡብ ቅርጽም እንዲሁ ነው። ሠሪው ሊሠራ ያሰበውን ራስ፣ ሆድ ወይም ክንፍ በሐሳቡ ከታች ወደ ላይ እንደ እንጀራ በስሱ ይቆራርጠዋል። እያንዳንዱ ንብርብር የራሱ ዙሪያ መስመር አለው፤ በተፋሰስ ሥራ ላይ የኮንቱር መስመር የቀየሰ ሰው ወዲያው ይገባዋል። የታችኛው ንብርብር ጠርዝ አንድ ጉጥ ወጣ፣ የላይኛው አንድ ጉጥ ገባ እያለ ሲሄድ ጉንጭ ይወጣል፤ ትከሻ ይጎብጣል። ቅርጹ በተለቀ ቁጥር ደረጃው ለዓይን ይጠፋል። ለዚህም ነው ሠሪዎች ትልቅ መሥራትን የሚመርጡት፤ ሰው የሚያህል ፊት ከእንቁላል ከሚያህል ፊት ይቀላል።

ውስጡ ባዶ ነው። ሙሉውን ቢደፍኑት ጡቡም ገንዘቡም አይበቃም፤ ክብደቱም አይቻልም። ጥቂት ጉጥ የሚወፍር ግድግዳ ዙሪያውን ይነሣል፤ ከውስጥ ደግሞ እንደ ቤት ማገር አግዳሚ ድጋፍ ይገባል። ግድግዳው ሲደረደር የድንጋይ ግንበኛ ሕግ ይሠራል፤ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ አይውልም። የታችኛው ስንጥቅ በላይኛው ጡብ ወገብ ይሸፈናል። ይህ የተዘነጋበት ቅርጽ እንደ ዳቦ ቁራሽ ከላይ እስከ ታች ይሰነጠቃል። ከቤት ውጭ የሚቆሙት፣ የጎሹን የሚያህሉት፣ ከዚህም በላይ ከውስጥ የብረት አጥንት ይደረግላቸዋል።

ረቀቅ ያለው ብልኃት ጡቡን በጎኑ ማስተኛት ነው። ጉጡ ሁልጊዜ ወደ ላይ መኾን የለበትም፤ በጎናቸው ጉጥ ያላቸው ልዩ ቁራጮች ስላሉ ከዚያ በመነሣት ወደ ጎን መሥራት ይቻላል። እዚህ ላይ ልኬቱ ይረዳል። በሁለት ጉጦች መካከል ያለው ርቀት 8 ሚሊ ሜትር ነው። ስስ የኾነው ቁራጭ ደግሞ ቁመቱ 3.2 ሚሊ ሜትር ነው። አምስት ስስ ቁራጮች ሲደራረቡ 16 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የሁለት ጉጥ ስፋት ልክ ይኾናሉ። በመኾኑም በጎኑ የተኛው ከቆመው ጋር ያለ ክፍተት ይገጥማል። የዓይን ሽፋን፣ የከንፈር መስመር፣ የቅጠል ጠርዝ የሚወጡት በዚህ ስሌት ነው።

በማጣበቂያ ወይስ ያለ ማጣበቂያ

በአፍቃሪዎቹ መካከል የማይበርድ ክርክር አለ። ብዙዎቹ ጡብ በማጣበቂያ መነካት የለበትም ይላሉ። የጡቡ ክብር መፍረሱ ነው፤ ዛሬ አንበሳ የኾነው ነገ ድልድይ ካልኾነ ምኑን ጡብ ኾነ ባዮች ናቸው። ማቅለም እና በቢላ መቁረጥም በእነርሱ ዘንድ ነውር ነው። በሌላ በኩል ቅርጹን ከከተማ ከተማ በመኪናና በመርከብ የሚያጓጉዝ ሠሪ ያለ ማጣበቂያ አይሞክረውም።

ከእነዚህ መካከል በዓለም በጣም የታወቀው አሜሪካዊው ናታን ሳዋያ ነው። በልጅነቱ ወላጆቹ ውሻ አንገዛልህም ቢሉት ቁጭ ብሎ በጡብ አንድ ሙሉ ውሻ እንደሠራ ይናገራል። አድጎ በኒውዮርክ የኩባንያ ጠበቃ ኾነ። ቀን ውል ያረቅቃል፤ ማታ ጡብ ይደረድራል። እ.ኤ.አ. በ2004 ጥብቅናውን ተወ። የተከበረና ደመወዙ ወፍራም የኾነ ሙያ ትቶ ወደ ልጅ መጫወቻ መመለስ በየትኛውም ሀገር ዘመድ የሚያስደነግጥ ውሳኔ ነው። በ2007 ለብቻው ያዘጋጀው የመጀመሪያ ትርኢት በፔንሲልቬኒያ ላንካስተር ሙዚየም ተከፈተ፤ ከዚያ በኋላ ሥራዎቹ አህጉራትን ዞረዋል።

"ቢጫ" የተሰኘው ሥራው ወገቡ ድረስ የሚታይ ሰው ነው። ሰውዬው በሁለት እጁ ደረቱን ሰንጥቆ ከፍቶታል፤ ከውስጡም ደም ሳይኾን ቢጫ ጡብ ይፈስሳል። ከ11 ሺህ በላይ ጡብ የገባበት ይህ ቅርጽ ሕጻኑን ያስቃል፤ አዋቂውን ዝም ያሰኛል። ስድስት ሜትር የሚረዝመው የዳይኖሰር አጽም ደግሞ 80 ሺህ 20 ጡብ ወስዷል። ሳዋያ እያንዳንዱን ጡብ በማጣበቂያ ስለሚያያይዝ፣ ስሕተት ሲፈጠር እንደ ድንጋይ ጠራቢ በመዶሻና በመሮ ነው የሚያፈርሰው። የላሊበላ ጠራቢዎች ከአለቱ የማይፈለገውን እየቀነሱ ቤተ መቅደሱን አወጡ፤ እንዲህ ያለው ሠሪ ደግሞ ከምንም ተነሥቶ እየጨመረ ይሄዳል። መዶሻው የሚመጣው ግን ለሁለቱም ነው።

ከአፍሪካ ጋር በቀጥታ የሚገናኝም አለ። በካናዳ የሚኖረው፣ ትውልዱ ከጋና የኾነው ኤኮ ኒማኮ የሚሠራው በጥቁር ጡብ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በቶሮንቶ አጋ ካን ሙዚየም ያቀረበው ሥራ ኩምቢ ሳሌህን ያሳያል። ኩምቢ ሳሌህ የጥንታዊቷ የጋና መንግሥት መናገሻ እንደነበረች የሚታመን፣ ፍርስራሿ በዛሬዋ ሞሪታንያ የሚገኝ ከተማ ናት። ኒማኮ ፍርስራሹን መልሶ አልሠራም፤ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ3020 ምን ትመስል ነበር ብሎ አሰበ። ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ጥቁር ጡብ ጉልላት፣ ግንብ፣ መንገድና አደባባይ ኾኗል። ጥቁር በጥቁር ላይ ሲደረደር ቅርጹን የሚለየው ቀለም ሳይኾን ብርሃን ነው፤ ስለዚህ ለስላሳውና ሸካራው፣ ጉጥ ያለውና የሌለው ቁራጭ በጥንቃቄ ተመርጧል። በልጆች መጫወቻ ሳጥን ውስጥ ቢጫ ፊት ያላቸው አሻንጉሊቶች ለረጅም ጊዜ ሲገዙ መኖራቸውን ላስታወሰ፣ የዚህ ምርጫ ትርጉሙ ከውበት ያልፋል።

በጀርመናዊው ያን ፎርማን ደግሞ ጡብ ከሙዚየም ወጥቶ መንገድ ላይ ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ2007 በጣሊያን ቦኪኛኖ መንደር የጀመረው ሥራ፣ በተሸረፈ የድንጋይ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ባለ ቀለም ጡብ እየሞሉ መጠገን ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ ከተሞች ሌሎች ሰዎችም እየተከተሉት ሞልተዋል።

ኩባንያው እና አፍቃሪዎቹ

ሌጎ ኩባንያ ለረጅም ጊዜ አዋቂ አፍቃሪዎቹን እንደ እንግዳ ያይ ነበር። ደንበኛው ሕጻን ነው፤ ጢም ያለው ሰው በጡብ ምን ይሠራል? ሐሳቡ የተለወጠው በችግር ጊዜ ነው። በ2003 እና በ2004 ኩባንያው ከባድ ኪሳራ ደረሰበት። ከቤተሰቡ ውጪ የመጀመሪያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ የኾኑት ዮርገን ቪግ ክኑድስቶርፕ የቁራጮቹን ዓይነት ቀንሰው፣ የመዝናኛ ፓርኮቹን ሸጠው፣ ወደ ጡቡ ተመለሱ። ለአፍቃሪዎችም ጆሮ ሰጡ። ዛሬ አንድ አፍቃሪ የራሱን ንድፍ አቅርቦ 10 ሺህ ደጋፊ ካገኘ ኩባንያው ይመረምረዋል፤ ለገበያ ከወጣም ከሽያጩ አንድ በመቶ ይከፈለዋል። በ2017 በቢሉንድ በተከፈተው የሌጎ ቤት ውስጥም ከ15 ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ከ6 ሚሊዮን 300 ሺህ በላይ ጡብ የወሰደ ዛፍ ቆሟል፤ በላይኛው ፎቅ ያለው አዳራሽ የአፍቃሪዎች ሥራ የሚታይበት ነው።

ይህ መጫወቻ ርካሽ አይደለም። አፍቃሪዎች በልምድ አንድ ቁራጭ ወደ 10 የአሜሪካ ሳንቲም ብለው ያስባሉ። በዚህ ግምት "ቢጫ" የተሰኘውን የሚያህል ቅርጽ ለጡብ ብቻ ከ1 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃል። ለዚህም ነው ያገለገለ ጡብ በኪሎና በፍሬ የሚሸጥበት ሰፊ ገበያ የተፈጠረው። ለአብዛኛው የኢትዮጵያ ሕጻን መጫወቻው ዛሬም ከወንዝ ዳር የተቦካ ጭቃ ነው፤ በሬው ከነቀንበሩ፣ ላሟ ከነጥጃዋ ከዚያ ይወጣሉ። ጭቃው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ዝናብ ሲመታው ግን ይቀልጣል። ያም ኾኖ የዴንማርኩ ጡብ ገንዘብ ኢትዮጵያን ነክቷል። የሌጎ ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. በ2019 በምሥራቅ አፍሪካ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ በስደት ውስጥ ያሉ ሕጻናት በጨዋታ እንዲማሩ ለዓለም አቀፉ የነፍስ አድን ኮሚቴ 100 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቷል።

የማይበሰብሰው ጡብ

ጭቃው የሚቀልጥበት ምድር ላይ ፕላስቲክ አይቀልጥም። ፌስታል በልታ የሞተች ላም ያየ ገበሬ ይህን በደንብ ያውቀዋል። የሌጎ ጡብ ደግሞ እንዳይሰበር ኾኖ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 13 ቀን 1997 ቶኪዮ ኤክስፕረስ የተባለች የጭነት መርከብ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ከባሕር ላይ በማዕበል ተመትታ 62 ኮንቴይነሮች ወደ ውኃ ወደቁባት። አንዱ ኮንቴይነር ወደ 4 ሚሊዮን 800 ሺህ የሚጠጋ የሌጎ ቁራጭ ይዞ ነበር። እንደ አጋጣሚ ኾኖ ብዙዎቹ ቁራጮች የባሕር ነገሮች ነበሩ፤ ኦክቶፐስ፣ የባሕር ሣር፣ የመዋኛ ጫማ። የኮርንዎል ነዋሪዎች ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላም ከአሸዋው ላይ ይለቅሟቸዋል። የፕሊመዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከባሕር ዳርቻ የተለቀሙ ጡቦችን ካልተነኩት ጋር አነጻጽረው በ2020 ባወጡት ጥናት፣ አንድ ጡብ በባሕር ውስጥ ከ100 እስከ 1 ሺህ 300 ዓመት ሊቆይ እንደሚችል ገምተዋል።

ኩባንያው መፍትሔ እየፈለገ ነው። ከ2018 ጀምሮ የዛፍ፣ የቅጠልና የቁጥቋጦ ቁራጮች ከሸንኮራ አገዳ በተገኘ ፕላስቲክ ይሠራሉ። ከአገዳው ኢታኖል ይወጣል፤ ኢታኖሉ ወደ ፖሊ ኢትሊን ይለወጣል። እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠነቀቅ ይገባል፤ ከአገዳ መጣ ማለት ይበሰብሳል ማለት አይደለም። መነሻው እርሻ ቢኾንም መድረሻው ያው ፕላስቲክ ነው። በተጨማሪም ለቅጠል የሚበቃው ለስላሳ ፕላስቲክ ለዋናው ጡብ አይበቃም፤ የመጨበጥ ኃይሉ ያንሳል። ዋናውን ጡብ ካገለገለ የውኃ ጠርሙስ ለመሥራት በ2021 የተጀመረው ሙከራ በ2023 ቆሟል፤ አዲስ ማሽንና ተጨማሪ ኃይል ስለሚጠይቅ በጠቅላላው የሚለቀቀው ብክለት አይቀንስም ተብሎ ነው።

ለዚህ ይመስላል ማጣበቂያ የማይነኩት አፍቃሪዎች ክርክራቸው አሁን ክብደት ያገኘው። ያልተጣበቀ ቅርጽ ይፈርሳል፤ ጡቡ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል፤ ከልጅ ወደ ልጅ ይወረሳል። የተጣበቀው ግን ሲያረጅ፣ ነጩም በፀሐይ ቢጫ ሲኾን፣ ሙዚየም ካላኖረው መጣያ ነው የሚጠብቀው።

በወይን እርሻ ላይ የቆመው ቤት

ከተሠሩት ሁሉ ትልቁን ክርክር ያስነሣው በእንግሊዝ ሰሪ አውራጃ፣ ዶርኪንግ ከተማ አጠገብ፣ በዴንቢስ የወይን እርሻ ውስጥ የቆመው ቤት ሳይኾን አይቀርም። የቴሌቪዥን አቅራቢው ጄምስ ሜይ እ.ኤ.አ. በ2009 ለቢቢሲ መርሐ ግብር ሰው የሚኖርበት ባለ አንድ ፎቅ ቤት በጡብ እንዲሠራ አሰበ። አንድ ሺህ ያህል በጎ ፈቃደኞች ተጠሩ። ልጆችና ወላጆች ሳር ላይ ተቀምጠው ጥቃቅኑን ጡብ ወደ ትልልቅ ብሎክ ሰብስበው ሰጡ፤ ሠራተኞቹም ብሎኩን በእንጨት ድጋፍ ላይ ደረደሩ። 3 ሚሊዮን 300 ሺህ ገደማ ጡብ ገባ። ውኃ የሚወርድበት መጸዳጃና መታጠቢያ፣ እንዲሁም ለጀርባ የማይመች አልጋ ነበረው፤ ሜይም አንድ ሌሊት አደረበት።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እርሻው ቦታውን ለወይን መልቀም ይፈልገዋል፤ ወቅቱም ደርሷል። የመዝናኛ ፓርኩ ሊወስደው አስቦ የማጓጓዣውን ወጪ ሲያይ ተወው። ሰዎች ተማጸኑ፤ የሚገዛ ተፈለገ፤ አልተገኘም። በመስከረም ወር ሠራተኞች መጡና ግድግዳውን ማፍረስ ጀመሩ። ጡቡ ለሕጻናት በጎ አድራጎት እንዲውል ተሰበሰበ፤ እርሻውም ወይኑን ለቀመ።